ካርቡራቶሩን ከመፍታታችሁ በፊት፦ የሣር ማጨጃ ሞተር በደሴና በኮምቦልቻ

የሣር ማጨጃ ሞተር ሲያስቸግር ቀድሞ የሚነካው ካርቡራቶሩ (ቤንዚንና አየር ቀላቅሎ ለሞተሩ የሚሰጠው ክፍል) ነው፤ መጨረሻ ላይ መነካት የነበረበትም እሱ ነው። ለጥገና የሚመጡ ብዙ ማጨጃዎች የካርቡራቶር ብሎናቸው በካቻቢቴ ተበልቶ ይመጣል፤ ሲመረመሩ ግን ጥፋቱ የተሰነጠቀ የቤንዚን ቱቦ ወይም የተደፈነ የሰልባቲዮ (የቤንዚን ማጠራቀሚያ) መተንፈሻ ሆኖ ይገኛል። ብሎኑ አንዴ ከዞረ በኋላ ችግሩ ሁለት ይሆናል፤ ማሽኑ ይዞት የመጣውና እኛ የጨመርንበት። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ቅደም ተከተሉን ጠብቆ የተጻፈ ነው። ከውጭ ጀምሩ፣ ወደ ውስጥ ግቡ፣ ብሎን የምታዞሩት ሌላው ሁሉ ደህና መሆኑ ከተረጋገጠ በኋላ ይሁን።

የምናገረው በትከሻ ስለሚንጠለጠለው ባለሁለት ምት ማጨጃ ነው፤ በተለይ በገበያችን ስለሚታየው ባለ 43 እና ባለ 52 ሲሲ የቻይና ማሽን። የባሕር ዛፍ መቁረጫው የሞተር መጋዝም ካርቡራቶሩ የዚሁ ዘመድ ስለሆነ አብዛኛው ነገር ይሠራለታል። እነዚህ ካርቡራቶሮች እንደ ሞተር ሳይክሉ ውስጣቸው ተንሳፋፊ የለም። ማሽኑ ሲዘነብልም ሲገለበጥም መሥራት ስላለበት ቤንዚኑን የሚቆጣጠሩት ሁለት ዲያፍራሞች (ስስ ተለጣጭ ሽፋኖች) ናቸው። አንደኛው ፓምፕ ነው፤ ፒስቶኑ ሲወጣና ሲወርድ ከስሩ የሚፈጠረው ትርታ በአንዲት ትንሽ ቀዳዳ አልፎ ዲያፍራሙን ያርገበግበዋል፣ እሱም ቤንዚን ከሰልባቲዮ ይስባል። ሁለተኛው መጣኙ ነው፤ ሞተሩ ቤንዚን ሲጠጣ ዲያፍራሙ ወደ ውስጥ ይሳብና ማንሻዋን ይጫናል፣ ማንሻዋም መርፌዋን ትከፍታለች። የቤንዚኑ ጓዳ ሲሞላ ዲያፍራሙ ይመለሳል፣ ሞላዋም መርፌዋን ትዘጋታለች። ይህን ከያዛችሁ ከታች የሚመጣው ሁሉ ምክንያቱ ይገባችኋል።

ከፍታው

በእኛ አካባቢ ካርቡራቶርን ያለ ከፍታ ማውራት አይቻልም። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ፣ ኮምቦልቻ ደግሞ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው። ደሴ ላይ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛው ያህል ነው፤ ኮምቦልቻ ላይ አራት አምስተኛው። ለዝቅተኛ ቦታ ተስተካክሎ የተሠራ ማሽን ደሴ ሲደርስ የሚስበው አየር ይሳሳል፣ ቤንዚኑ ግን በዚያው ልክ አይቀንስም። ስለዚህ ከካርቶን የወጣ አዲስ ማጨጃ ደሴ ላይ ጢሱ ቢበዛ፣ ሙሉ ቤንዚን ሲሰጡት ቢንተባተብ፣ ካንዴላው (የእሳት ብልጭታ ሰጪው) ጥቁርና እርጥብ ቢሆን ተበላሽቷል ማለት አይደለም። ቤንዚን በዝቶበታል፤ ማስተካከል ብቻ ይፈልጋል።

ሌላም አለ። ሞተር በየ300 ሜትሩ ከፍታ 3 በመቶ ገደማ ጉልበት ያጣል። ደሴ ላይ ሩብ የሚጠጋው ጉልበት የለም፤ ይህን ደግሞ የትኛውም ካርቡራቶር አይመልሰውም። ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ጉልበት ፍለጋ ቤንዚኑን እየቀነሱ የሚሄዱ ሰዎች ሞተሩ ስል ድምፅ ሲያወጣ «አሁን ተስተካከለ» ይላሉ። ያ ስለት የአደጋ ድምፅ ነው። ባለሁለት ምት ሞተር ዘይቱን የሚያገኘው ከቤንዚኑ ጋር ነው፤ ቤንዚን ሲያንስ ዘይት ያንሳል፣ ሲሊንደሩም ይግላል፣ ፒስቶኑ ይነክሳል።

ትልቁ ጥፋት የሚደርሰው ቁልቁል ሲወረድ ነው። ደሴ ላይ በሚገባ የተስተካከለ ማጨጃ ሀረጎን ወርዶ ኮምቦልቻ ሲሠራ፣ ይባስም ወደ ከሚሴ ወይም ወደ ባቲ ሲሄድ፣ አየሩ ስለሚወፍር ቤንዚን ያንሰዋል። ሁለቱንም ከተማ የምትሠሩበት ማሽን ከሆነ ከመውረዳችሁ በፊት የሙሉ ፍጥነቱን ብሎን፣ እሱ ከሌለው ኋላ የምናየውን የበርሜል ማስተካከያ፣ አንድ ስምንተኛ ዙር ወደ ግራ ክፈቱት፤ ደርሳችሁ ሞተሩ ከሞቀ በኋላ በጆሮ ታስተካክላላችሁ። ወደ ላይ ሲወጣ ማስተካከል ቢረሳ ትርፉ ጢስ ነው። ወደ ታች ሲወረድ ቢረሳ ግን ሲሊንደርና ፒስቶን ያስገዛል።

ቤንዚኑና ዘይቱ

በሃይላንድ ጠርሙስ መንገድ ዳር የሚሸጥ ቤንዚን ለዚህ ዓይነቱ ካርቡራቶር ጠላት ነው። ውሃ፣ አሸዋ ወይም ላምባ ሊኖርበት ይችላል፤ መቼ እንደተቀዳም አይታወቅም። ሌላ ምርጫ ከሌለ ሁለት ነገር አድርጉ። ጥርት ባለ ጠርሙስ ለግማሽ ሰዓት አስቀምጡት፤ ውሃ ካለው ከታች ተለይቶ ይተኛል። ከዚያ ነጭ ወረቀት ላይ ጠብ አድርጉ፤ ንጹሕ ቤንዚን በፍጥነት ተንኖ ወረቀቱን እንደነበረ ይተወዋል፣ ላምባ ያለበት ግን እንደ ቅባት ያለ ክብ ጥሎ ይቆያል። ላምባ ያለበት ቤንዚን ሞተሩ በቀላሉ እንዳይነሳ ያደርገዋል፣ ማርሚታውንም (የጢስ ማውጫውን) በጥላሸት ይሞላዋል።

ዘይቱ የባለሁለት ምት ዘይት ይሁን፤ ለመኪና ሞተር የሚሆነው አይሆንም፣ በንጽሕና አይቃጠልም። መጠኑን የማሽኑ መመሪያ ይወስነዋል። 50 ለ 1 ከሆነ ለአንድ ሊትር ቤንዚን 20 ሚሊ ሊትር ዘይት ነው፤ 40 ለ 1 ከሆነ 25፤ 25 ለ 1 ከሆነ 40። በክዳን ከመገመት ከፋርማሲ ባለ 20 ሚሊ ስሪንጅ ግዙ፤ ከዚህ የተሻለ መለኪያ የለም። ድብልቁን ሁልጊዜ በጀሪካን ወይም በጠርሙስ ቀላቅላችሁ፣ ነቅንቃችሁ ነው ወደ ሰልባቲዮ የምትሞሉት፤ እዚያው ሰልባቲዮ ውስጥ የሚቀላቀል ዘይት ሥር ይተኛና የቤንዚን ፊልትሮውን ይዘጋዋል። «ሞተሩን ይጠብቀዋል» ብሎ ከመመሪያው በላይ ዘይት መጨመርም አይጠቅምም። ዘይት በበዛ ቁጥር በአንድ ጠብታ ውስጥ ያለው ቤንዚን ስለሚያንስ ድብልቁ ለሞተሩ እንደሳሳ ይሆናል፣ ካንዴላውም ይቆሽሻል።

የተደባለቀ ቤንዚን ከአንድ ወር በላይ አይቀመጥ። በጥቅምትና በኅዳር ሣር ታጭዶበት እስከ ክረምቱ የተቀመጠ ማሽን ሰኔ ላይ አልነሳ ሲል ምክንያቱ ሁሌም ለማለት ይቻላል ይህ ነው፤ ቤንዚኑ ተንኖ የቀረው ቡናማ ሙጫ የካርቡራቶሩን ቀጫጭን መንገዶች ደፍኗል።

ቤንዚን ነው ወይስ እሳት?

ማንኛውንም ነገር ከመፍታት በፊት ይህን ጥያቄ መልሱ። ካንዴላውን ፈትታችሁ እዩት። ደረቅ ከሆነ ቤንዚን አልደረሰም። እርጥብ ከሆነ ወይ በዝቷል ወይ እሳት የለም። ቡናማ፣ የተጠበሰ እንጀራ መልክ ያለው ከሆነ የማቃጠሉ ሁኔታ ጥሩ ነበር ማለት ነው።

ደረቅ ከሆነ በስሪንጅ አንድ ሚሊ ሊትር ያህል የተደባለቀ ቤንዚን በካንዴላው ቀዳዳ ጨምራችሁ ካንዴላውን መልሱና ገመዱን ሳቡ። ለሁለት ሦስት ሰከንድ ተነስቶ ከጠፋ እሳትም ኮምፕሬሽንም (ፒስቶኑ ሲሊንደር ውስጥ የሚፈጥረው ግፊት) አለው፤ ጥፋቱ ከሰልባቲዮ እስከ ካርቡራቶር ባለው መንገድ ላይ ነው። ጭራሽ ካልነሳ ካርቡራቶሩን ተዉት፤ ካንዴላውን በሌላ ለውጡ፣ ክፍተቱን ከ0.6 እስከ 0.7 ሚሊ ሜትር አድርጉ፣ የማጥፊያውን ሽቦም እዩ።

እርጥብ ከሆነ ካንዴላውን አውጡ፣ ማጥፊያውን ዝጉ፣ ቾኩን (ለማስነሻ አየር የሚዘጋውን) ክፈቱ፣ ቤንዚን መስጫውን እስከ መጨረሻው ጨብጡ፣ ቀዳዳውን ወደ መሬት አዘንብላችሁ ስምንት አሥር ጊዜ ሳቡ። የካንዴላውን ሽቦ ከቀዳዳው አርቁት፤ እዚያ የሚወጣው ትነት እሳት ቢያገኝ ፊት ነው የሚያቃጥለው። ካንዴላውን በጨርቅ አድርቁና ያለ ቾክ አስነሱ። ተነስቶ በማግስቱ እንደገና ከተሞላ መርፌዋ አልዘጋ ብላለች፤ ወደ እሷ እንመለሳለን።

አንድ ሌላ ምርመራ፣ ብዙ ሰው የሚዘለው። የማርሚታውን ሁለት ብሎን ፍቱና በጢስ መውጫው በኩል ፒስቶኑን በእጅ ባትሪ እዩት። ከላይ ወደ ታች የተጫጫረ ከሆነ ኮምፕሬሽኑ ተሰርቋል፤ አዲስ ካርቡራቶር መግዛት ገንዘብ መጣል ነው። እግረ መንገዳችሁን የማርሚታውን ወንፊት ተመልከቱ። ቤንዚን በዝቶበት ደሴ ላይ ሲሠራ የከረመ ማሽን ወንፊቱ በጥላሸት ይደፈናል፣ ሞተሩ ይነሳል ግን ቤንዚን ሲሰጡት ይታፈናል። ወንፊቱን በሽቦ ብሩሽ አጽዱት።

ከካርቡራቶሩ ውጭ ያለው

የአየር ፊልትሮው ስፖንጅ በሳሙናና በለብታ ውሃ ይታጠባል፣ ጥላ ላይ ይደርቃል፣ ጥቂት የሞተር ዘይት ጠብ ተደርጎበት በደንብ ይጨመቃል። በበጋ የኮምቦልቻ አቧራ አንድ ቀን ሙሉ ከሠራ ማታውኑ መታጠብ አለበት። የቆሸሸ ፊልትሮ ቾክ እንደተዘጋ ያህል ነው፤ በቆሸሸ ፊልትሮ ብሎን ያስተካከለ ሰው ፊልትሮው የታጠበ ዕለት ሞተሩን ያቃጥላል።

የሰልባቲዮ መተንፈሻ። ማሽኑ አሥር አሥራ አምስት ደቂቃ በደንብ ሠርቶ ቀስ በቀስ ከደከመና ከጠፋ፣ ወዲያው ክዳኑን ላላ አድርጉት። «ሽሽ» ብሎ አየር ከሳበና ሞተሩ ከተነሳ መተንፈሻው ተደፍኗል። ክዳኑ ላይ ወይም ሰልባቲዮው ላይ ያለች ትንሽ ጎማ ናት፤ በቤንዚን አጥባችሁ በአፍ ንፉባት። ክዳኑን መብሳት መፍትሔ አይደለም፤ ማሽኑ ሲዘነብል ቤንዚን በሥራ ልብስ ላይ ይወርዳል፣ አጠገቡ የጋለ ማርሚታ አለ።

የቤንዚን ፊልትሮው ሰልባቲዮ ውስጥ ቱቦው ጫፍ ላይ ነው። በጎበጠ ቀጭን ሽቦ ስባችሁ አውጡት። ነቅላችሁ በአፍ ስትነፉበት ትንፋሽ በቀላሉ ካላለፈ ለውጡት። ቱቦውን ሁለቱንም ጫፍ አጥፋችሁ ተመልከቱ፤ ስንጥቁ ብዙ ጊዜ ቱቦው ወደ ሰልባቲዮ በሚገባበት ጉሮሮ ላይ ይደበቃል። ስንጥቅ ካለ አየር ይስባል፤ ምልክቱም ማሽኑ በአንድ ጎን ሲያዘነብሉት ሠርቶ በሌላው መጥፋቱ፣ በጣት በሚጫነው የላስቲክ ፓምፕ ውስጥም የማያልቅ አረፋ መታየቱ ነው። ቱቦውን በግሉኮስ ቱቦ አትተኩት። ለጊዜው ያስነሳል፣ ግን ቤንዚን ያደርቀውና በጥቂት ቀን እንደ እንጨት ይሆናል። የቤንዚን ቱቦ ተብሎ የሚሸጠውን ውስጡ ልክ የሆነውን ግዙ። የጣት ፓምፕ ያላቸው ማሽኖች ሁለት ቱቦ አላቸው፤ አንዱ ከፊልትሮው ወደ ካርቡራቶሩ ይመጣል፣ ሌላው ከፓምፑ ወደ ሰልባቲዮ ይመልሳል። ከተቀያየሩ ፓምፑ ስትጫኑት ሰልባቲዮ ውስጥ አረፋ ይሠራል እንጂ ቤንዚን አይስብም።

የመጨረሻው የውጭ ጉዳይ በካርቡራቶሩና በሲሊንደሩ መካከል ያለው ጥቁር ፕላስቲክና ጓርኒሲዮኖቹ (የመጋጠሚያ ማሸጊያዎቹ) ናቸው። ንዝረቱ ብሎኖቹን ያላላቸዋል። ሞተሩ ሚኒሞ (ቤንዚን መስጫው ሳይጨበጥ የሚሠራበት ዝቅተኛ ፍጥነት) ላይ ወጣ ገባ ካለ፣ ቤንዚን መስጫውን ለቃችሁ ፍጥነቱ ቶሎ ካልወረደ፣ አየር ከጎን እየሳበ ነው። ሚኒሞ ላይ እየሠራ ሳለ በመጋጠሚያው ዙሪያ በስሪንጅ ቀጭን የማሽን ዘይት ጠብ ጠብ አድርጉ፤ ድምፁ ከተለወጠ ቀዳዳው እዚያ ነው። እዚያ ካልሆነ የክራንክሻፍቱን (የሞተሩን ዋና ዘንግ) ፓራዮሊ፣ ዙሪያውን የሚያሽገውን ጎማ፣ ጠርጥሩ። አየር የሚስብን ሞተር ብሎን በመክፈት ማስተካከል አይቻልም፤ ሚኒሞውን ብታስተካክሉት ሙሉ ፍጥነቱ ይበላሻል።

ለኮምቦልቻ ፀሐይ አንድ ነገር ልጨምር። የጋለ ማሽን አጥፍታችሁ ቤንዚን ሞልታችሁ ወዲያው አልነሳ ካለ ቤንዚኑ ቱቦው ውስጥ ተንኖ ሊሆን ይችላል። ጥላ ውስጥ አስቀምጡት፣ ክዳኑን በቀስታ አስተንፍሱት፣ የጣት ፓምፑን ስምንት አሥር ጊዜ ተጫኑ። ካርቡራቶር መፍታት አያስፈልግም።

አሁን ይፈታ

ከላይ ያለው ሁሉ ደህና ሆኖ ሞተሩ በቾክ ብቻ የሚሠራ፣ ቾኩ ሲከፈት የሚጠፋ፣ ወይም ሚኒሞ ላይ ሠርቶ ቤንዚን ሲሰጡት የሚሞት ከሆነ ካርቡራቶሩ ይፈታል። ከመፍታታችሁ በፊት የማስተካከያ ብሎኖቹን ወደ ቀኝ ቀስ ብላችሁ እያዞራችሁ እስኪነኩ ድረስ ስንት ዙር እንደሆነ ቁጠሩና ጻፉ። ማጥበቅ የለም፤ ሹል ጫፋቸው ከተጨፈለቀ ካርቡራቶሩ ዳግም አይስተካከልም። ሥራው ነጭ ትሪ ላይ ይሁን፣ በየደረጃው በስልካችሁ ፎቶ አንሱ። በተለይ በፓምፑ በኩል ጓርኒሲዮኑና ዲያፍራሙ የትኛው እንደሚቀድም ከካርቡራቶር ካርቡራቶር ስለሚለያይ ፎቶው ነው የሚያድናችሁ።

በፓምፑ በኩል ያለው ክዳን ሲነሳ ሁለት ምላስ ያለው ስስ ዲያፍራም ታገኛላችሁ። ምላሶቹ ጠፍጣፋ መሆን አለባቸው፤ ወደ ላይ የተጠቀለለ ምላስ ቤንዚኑን ወደኋላ ይለቃል። ከስሩ የጥፍር ስፋት የሌላት ወንፊት አለች። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ሁሉ እሷ ናት፤ በቡናማ ሙጫ ወይም በቱቦ ፍርፋሪ ትደፈናለች። በመርፌ ጫፍ ቀስ ብላችሁ አውጧት፣ በቤንዚንና በጥርስ ብሩሽ እጠቧት፣ መልሷት። ያለ ወንፊት መግጠም የለም፤ የሚቀጥለው አሸዋ በቀጥታ መርፌዋ ላይ ይቀመጣል።

በሌላው ጎን መሃሉ ላይ ትንሽ ብረት ያለው መጣኝ ዲያፍራም አለ። ጆሯችሁ አጠገብ አድርጋችሁ ነካ ነካ አድርጉት። ደህናው ለስላሳ ነው፣ ድምፅ የለውም። እንደ ደረቅ ፌስታል የሚንኮሻኮሽ ከሆነ ሞቷል፤ ማሽኑ የማይፋጠነው በዚህ ምክንያት ነው፣ ቤንዚን ቢጠየቅም ማንሻዋን መጫን አይችልም። ለማለስለስ በቤንዚን መዘፍዘፍ ለአንድ ቀን ያታልላል እንጂ አያድነውም። የዲያፍራምና የጓርኒሲዮን ስብስብ ለብቻው ይሸጣል፤ ሞዴሉ ካርቡራቶሩ ላይ ታትሟል፣ አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱ። ክዳኑ ላይ ያለችው ትንሽ ቀዳዳም ክፍት መሆን አለባት፤ ዲያፍራሙ የሚተነፍስባት እሷ ናት፣ በጭቃ ከተደፈነች መጣኙ መጣኝነቱን ያጣል።

ማንሻዋን የያዘችውን ብሎን ስትፈቱ በጣታችሁ ሸፍኑ፤ ከስሯ ያለችው ሞላ ከተፈናጠረች አትገኝም። የመርፌዋን ሾጣጣ ጫፍ በማጉያ ወይም በስልክ ካሜራ እዩት። ዙሪያውን ቀለበት ከተሠራበት መርፌዋ አትዘጋም፤ ቆሞ ሳለ ቤንዚን የሚያንጠባጥብና ካንዴላ የሚያረጥብ ማሽን ጥፋቱ ይኼ ነው። ማንሻዋን «ትንሽ ከፍ ትበል» ብሎ ማጠፍ የለም። ከፍ ካለች ቤንዚን ያጥለቀልቃል፣ ዝቅ ካለች ሞተሩ ይራባል። ከመፍታታችሁ በፊት በቀጥ ያለ ምላጭ ቁመቷን ለክታችሁ እንደነበረች መልሷት፤ ሞላዋንም በሌላ አትተኩ።

ለማጽዳት ጎማና ዲያፍራም ሁሉ ይውጣ። የብረቱን አካል በንጹሕ ቤንዚን ወይም በካርቡራቶር ማጽጃ ዘፍዝፉት፣ በየቀዳዳው የማጽጃውን ቀጭን ቧንቧ አስገብታችሁ ርጩ፣ በየት እንደሚወጣ ተከታተሉ። ገብቶ የማይወጣበት ቀዳዳ የተደፈነው ነው። የልብስ መርፌ ወይም የብረት ሽቦ አታስገቡ፤ ቀዳዳው በጥቂቱ ከሰፋ ልኩ ለዘላለም ጠፋ። የግድ ከሆነ ከኤሌክትሪክ ገመድ ውስጥ አንዲት የመዳብ ፀጉር መዝዛችሁ ተጠቀሙ። ጎሚስታ ቤት ወስዳችሁ አየር ስታስነፉ ደግሞ ጫፉን አርቁት። ከጓዳው መሃል ወደ አየር መግቢያው በምትወጣው ዋና ቀዳዳ ውስጥ ብዙ ካርቡራቶሮች ቀጭን መመለሻ ከልካይ አላቸው፤ የጎማ መንፊያ ግፊት በቀጥታ ከመታው ከቦታው ይነቅለዋል፣ ከዚያ በኋላ ሚኒሞ አይያዝም። ጓዳው ውስጥ ተመትታ የገባችውን ክብ ቆርቆሮም አትንኩ፣ ምትክ ከሌላችሁ በቀር።

ሲገጠም በመጣኙ በኩል መጀመሪያ ጓርኒሲዮኑ፣ በላዩ ዲያፍራሙ፣ ከዚያ ክዳኑ ነው። ከተገለበጠ የማንሻዋ ልክ ይዛባል። ሲሊኮን በፍጹም። ቤንዚን ያሟሟዋል፣ ፍርፋሪው በቀጥታ ወደ ወንፊቷ ይሄዳል። በካርቡራቶሩና በሲሊንደሩ መካከል የሚገባውን ጓርኒሲዮን ከወረቀት ቆርጣችሁ ብትሠሩት ምንም አይደለም፤ ግን ከትልቁ ቀዳዳ አጠገብ ያለችውን ትንሿን የትርታ ቀዳዳ አትርሱ። እሷ ከተሸፈነች ፓምፑ አይንቀሳቀስም። በስሪንጅ ቤንዚን ሲሰጡት ተነስቶ ወዲያው የሚጠፋ፣ «ሁሉም ነገር ታጥቦ» የገባ ካርቡራቶር ሲገጥማችሁ ቀድማችሁ የምታዩት ይህችን ቀዳዳ ነው።

መርፌዋ መዝጋቷን ለማረጋገጥ የተጣለ የደም ግፊት መለኪያ ይበቃል። ቱቦውን ከካርቡራቶሩ የቤንዚን መግቢያ ጋር አገናኙ፣ መርፌዋን በአንድ ጠብታ ቤንዚን አርጥቡ፣ መለኪያውን እስከ 250 ድረስ ንፉ። ለአንድ ደቂቃ ካልወረደ ጥሩ ነው። ከወረደ ካርቡራቶሩን ንጹሕ ቤንዚን ውስጥ አስጥሙት፣ አረፋው የሚወጣበትን ያሳያችኋል።

ማስተካከል

ፊልትሮው ታጥቧል፣ ቤንዚኑ የዛሬ ነው፣ የናይለኑ ክር በትክክለኛው ርዝመት ወጥቷል። ሞተሩ አምስት ደቂቃ ሠርቶ ይሙቅ። የዓይን መከላከያ አድርጉ፣ ምላጩ ነፃ ቦታ ላይ ይሁን።

ሁለት የማስተካከያ ብሎን ያለው ካርቡራቶር «ኤል» (L) ለሚኒሞ፣ «ኤች» (H) ለሙሉ ፍጥነት ነው፤ ሦስተኛው የሚኒሞውን ከፍታ የሚይዘው ነው። መነሻው ከተዘጋበት አንድ ዙር መክፈት ነው፤ መመሪያው ሌላ ካለ እሱን ያዙ። መጀመሪያ «ኤል»ን። ፍጥነቱ ከሁሉ ከፍ የሚልበትን ቦታ በቀስታ ፈልጉ፣ ከዚያ አንድ ስምንተኛ ዙር ወደ ግራ ክፈቱ። ቤንዚን መስጫውን ድንገት ስትጨብጡ ሳይዋዥቅ መነሳት አለበት። «ቡፍ» ብሎ የሚታነቅ ከሆነ ትንሽ ጨምሩለት፤ እየጨሰ የሚጎተት ከሆነ ቀንሱ። ከዚያ የሚኒሞውን ብሎን ምላጩ ወይም ክሩ እስከሚቆም ድረስ አውርዱ። ሚኒሞ ላይ ምላጩ የሚዞር ማሽን ለሥራ አይወጣም፤ ሚኒሞው ወርዶም ከዞረ የፍሪሲዮኑን (የሞተሩን ዙር ለምላጩ የሚያስተላልፈውን ክፍል) ሞላ እዩ።

«ኤች» በጆሮ ነው። እጀታውን እስከ መጨረሻው ጨብጣችሁ ከአሥር ሰከንድ ሳታስበልጡ አዳምጡ። ያለ ጭነት ሲጮህ ትንሽ መንተባተብ፣ የድምፅ መሸርከት ይኑረው፤ ክሩ ሣር ውስጥ ሲገባ ያ መንተባተብ ይጥራ። ይህ ነው ትክክሉ። ያለ ጭነት ጥርት ብሎ እንደ ፉጨት የሚጮህ ከሆነ ቤንዚን አንሶታል፣ ወዲያው ክፈቱ። ሣር ውስጥ ገብቶም ከተንተባተበ በዝቶበታል፣ በስምንተኛ ዙር እየቀነሳችሁ ሂዱ። በመጨረሻ በሥራ ፍጥነት አንድ ሁለት ደቂቃ አሠርታችሁ ሞተሩን ከዚያው ፍጥነት ላይ አጥፉትና ካንዴላውን እዩ፤ ቡናማ ይሁን፣ ነጭ ከሆነ ክፈቱ።

የ43 እና የ52 ሲሲ ማሽኖች ላይ በብዛት ያለው ካርቡራቶር ግን «ኤች» የለውም። ቤንዚን መስጫው የሚያዞረው በርሜል አለው፤ በበርሜሉ ራስ መሃል፣ ብዙ ጊዜ በፕላስቲክ ክዳን ስር፣ አንዲት ማስተካከያ አለች። ወደ ቀኝ ስትዞር በርሜሉ ውስጥ ያለችው መርፌ ወርዳ ቤንዚን ይቀንሳል፣ ወደ ግራ ይጨምራል። የሙሉ ፍጥነቱ ቀዳዳ ውስጥ የተገጠመና የማይለወጥ ነው። ስለዚህ ደሴ ላይ ሙሉ ፍጥነቱ ላይ ትንሽ መንተባተብ ቢቀር ተዉት፤ ሞተሩን አይጎዳም። የነበረችበትን ቦታ በቀለም ምልክት ሳታደርጉባት አትንኳት፣ በአንድ ጊዜም ከስምንተኛ ዙር አትበልጡ።

ማሽኑ ከወር በላይ የሚቀመጥ ከሆነ ሰልባቲዮውን ገልብጡ፣ አስነስታችሁ ቤንዚን ጨርሶ ራሱ እስኪጠፋ አሠሩት፣ የጣት ፓምፑን ባዶ እስኪሆን ተጫኑ፣ እንደገና ሞክሩት። ከዚያ ካንዴላውን አውጥታችሁ ግማሽ ማንኪያ የባለሁለት ምት ዘይት ጨምሩ፣ ገመዱን ሁለት ጊዜ በቀስታ ሳቡና ካንዴላውን መልሱ። የተረፈውን ድብልቅ አታስቀምጡት። ማሽኑን ስትሰቅሉ ሰልባቲዮው ወደ ታች ይሁን፣ በጀሪካኑም ላይ የተደባለቀበትን ቀንና ልኩን በፕላስተር ጻፉበት።